ደም የሚያጥረው እግር ስንት ሜትር ይሄዳል? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የእግር ደም ሥሩ ጠቦ ሲሄድ እግሩን የሚያመው ሰው አካሄዱ እንዴት እንደሚለካ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ እግሩ የቆሰለ ወይም ተኝቶም የሚያመው ሰው የእርምጃ ልኬት አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ (ነርስ፣ አዘዞ)፦ ትሬድሚል (የመራመጃ ማሽን) የለንም። በምን እንለካ?

መልስ፦ 30 ሜትር ደልዳላ ኮሪደርና ሰዓት ይበቃሻል፣ እህቴ። ታካሚው በራሱ ፍጥነት 6 ደቂቃ ይመላለስ። ሲያመው ይቁም፣ ሲለቀው ይቀጥል፤ ሰዓቱ ግን አይቁም። ጎን ለጎን አትሂጂ፤ ሳያውቀው ያንቺን ፍጥነት ይከተላል። ሁለት ቁጥር ጻፊ፦ ሕመሙ የጀመረበትን ሜትርና በጠቅላላ የሄደውን። ብዙዎች ሁለተኛውን ብቻ ይጽፋሉ፤ ይህ በጣም ያናድደኛል። በቅርቡ አንድ አዛውንት አራተኛው ዙር ላይ ምርኩዛቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። «አመመዎት?» አልኳቸው። «ኧረ ምንም!» አሉኝ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ባታቸውን ጨብጦ ነበር። ዓይንሽ ከእግራቸው አይነቀል።

ጥያቄ፦ አባቴ ከፒያሳ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ሳያርፉ ይወርዳሉ። ደህና ናቸው?

መልስ፦ ሲመለሱስ? መውረጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት ነው፤ ዳገት ላይ ባት ብዙ ደም ይፈልጋል። በእኛ ከተማ «ከዚህ እስከዚያ» መለኪያ አይሆንም። በደልዳላ መሬት፣ በሜትር ንገሩኝ።

አንድ አባል፦ ይህ እርጅና ነው፤ እናቴን ቅቤ አሽተንላት ተሻላት።
ሌላ አባል፦ ቅቤ የደም ሥር አይከፍትም! አጎቴም የጀርባ ሕመም ነው ተብለው ነበር።

መልስ፦ ቅቤውን ተዉት። ከደም ሥር የመጣ ሕመም ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ይለቃል፤ ከጀርባ ነርቭ የመጣው ግን መቀመጥ ወይም ማጎንበስ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ። የቁርጭምጭሚቴ የደም ግፊት ለክንዴ ሲካፈል 1.45 ሆነ። የደም ሥር መጥበብ ምልክት ከሚባለው ከ0.90 ስለሚበልጥ ጤነኛ ነኝ?

መልስ፦ አይደለም! ከ1.40 ካለፈ የደም ሥሩ ግድግዳ ደርቆ አልጨመቅ ብሏል ማለት ነው። የእግር ጣትዎ ግፊት ይለካ። ቁስል ካለ፣ አሁንም እላለሁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም!

ጥያቄ፦ እግሬን ያመኛል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ እግር? የቱ ጋ? ስንት ሜትር ሄደው? ይህን ሳይጽፉ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ መድኃኒቱስ?

መልስ፦ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሲጋራ ካጨሱ ያቁሙ።

ጥያቄ፦ ትሬድሚል ከሌለስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ ያንብቡ።

ጥያቄ (ነርሷ)፦ ልኬቱን መቼ ልድገመው?

መልስ፦ በሳምንት 3 ቀን፣ ሕመሙ እስኪበረታ እየሄዱ፣ እያረፉ፣ 12 ሳምንት ከተለማመዱ በኋላ። በዚያው ኮሪደር፣ በዚያው ጫማ። የመጀመሪያውን ወረቀት እንዳትጥዪው።