«ተራዘመ» ወደ መቼ ወይስ እስከ ስንት? ስለ 33 ኢኒንጉ ጨዋታ

ጥያቄ፦ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ስለተደረገ ረጅም የቤዝቦል ጨዋታ ስጽፍ እንዲህ አልኩ፦ «ጨዋታው በተጨማሪ ሰዓት ተራዘመ፤ ከሌሊቱ 4፡07 ላይ 2 ለ 2 አቻ ተለያዩ፤ ሰኔ 23 ቀጥሎ 3 ለ 2 አለቀ።» አማርኛው ያስኬዳል?

መልስ፦ የጻፉት በፖታኬት ሬድ ሶክስና በሮቼስተር ሬድ ዊንግስ መካከል ስለተደረገው፣ በፕሮፌሽናል ቤዝቦል ታሪክ ረጅሙ ስለሆነው ጨዋታ ነው። አማርኛው ለጆሮ ደህና ነው፤ ነገር ግን ቃላቱ ከእግር ኳስ ስለመጡ የእግር ኳሱን ሕግ ይዘው መጥተዋል።

ትልቁ ችግር «ተራዘመ» ላይ ነው። ይህ ግሥ የቆይታን መርዘምም፣ ወደ ሌላ ቀን መተላለፍንም ይገልጻል። «ስብሰባው ተራዘመ» ሲባል አንዱ ሰሚ «እስከ ስንት ሰዓት?» ሌላው «ወደ መቼ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ይህ ጨዋታ ደግሞ ሁለቱም ደርሰውበታል። ስለዚህ መስተዋድዱን አይተዉት፦ «እስከ 32ኛው ኢኒንግ (የቤዝቦል ጨዋታ የሚከፈልበት ክፍል) ተራዘመ» ቆይታን፣ «ወደ ሰኔ ተራዘመ» ቀጠሮን ያሳያል። እኔ ለሁለተኛው «ተላለፈ»ን እመርጣለሁ፤ ያኔ ጥርጣሬው ጨርሶ ይቀራል።

«ተጨማሪ ሰዓት» እዚህ ቦታ የለውም። ቤዝቦል የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በኢኒንግ ነው፤ መደበኛው 9 ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች በየተራ ይመታሉ። «ዙር» ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን የእግር ኳስ አንባቢ «ሁለተኛ ዙር» ሲባል የሊግ ውድድሩን አጋማሽ ስለሚያስብ፣ «ኢኒንግ» ብሎ አንድ ጊዜ ማብራራት ይሻላል። «33 ኢኒንግ ፈጀ» እና «በ33ኛው ኢኒንግ አለቀ» ሁለቱም ልክ ናቸው፤ «በ33 ኢኒንግ አለቀ» ግን ያወላውላል። ከ33ቱ ተጨማሪዎቹ 24 ናቸው።

«አቻ ተለያዩ» የመጨረሻ ውጤት ነው፤ ያን ሌሊት ግን ጨዋታው አላለቀም። «2 ለ 2 እንደሆኑ ተቋረጠ» ይበሉ። «ተሰረዘ» ካሉ ደግሞ ውጤቱ ከናካቴው እንደጠፋ ይሆናል።

ሰዓቱ የበለጠ ያሳስበኛል። የፈረንጁ 4፡07 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው። እርስዎ እንደጻፉት ከተነበበ ጨዋታው 6 ሰዓት ቀድሞ የቆመ ይመስላል፤ 19 ተመልካች ብቻ እስኪቀር ድረስ መቆየቱ የሚያስደንቀውም ነገር ይጠፋል። «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ» የሚለው አባባላችን ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ በአንድ ሐረግ ሁለቱን ቀኖች ያገናኛል። እሑዱ የምዕራባውያን ፋሲካ ነበር። «ፋሲካ» ብቻ ካሉ ግን ያሳስታሉ፤ የእኛ በዚያ ዓመት ከሳምንት በኋላ ሚያዝያ 18 ነበርና።

ጁን 23ም ሰኔ 23 አይደለም፤ ሰኔ 16 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው። ጁንን በደፈናው ሰኔ ማለት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

«ነጥብ አስቆጠረ» ማለት ይችላሉ፤ «ጎል» አይባልም። «ነጥብ ተጋሩ» ግን የሊግ ቋንቋ ስለሆነ ይተዉት።

እንዲህ ቢጽፉት ይሻላል፦

«ሚያዝያ 10 ቀን 1973 ዓ.ም. የተጀመረው ጨዋታ በመደበኛዎቹ 9 ኢኒንጎች 1 ለ 1 ስለነበረ እስከ 32ኛው ኢኒንግ ተራዘመ። በ21ኛው ሮቼስተር ቢመራም የፖታኬቱ ዌድ ቦግስ አቻ አደረጋቸው። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ፣ 2 ለ 2 እንደሆኑ ተቋርጦ ወደ ሰኔ 16 ተላለፈ። ያን ቀን በ33ኛው ኢኒንግ ዴቭ ኮዛ በመታት ኳስ ማርቲ ባሬት ነጥቡን አስቆጠረና ፖታኬት 3 ለ 2 አሸነፈ። የሰኔው 18 ደቂቃ ብቻ ሲሆን ጨዋታው በጠቅላላው 8 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ፈጀ።»

መጨረሻ ላይ ያለችውን «ፈጀ» አይተዉአት፤ ያለ እርሷ «8 ሰዓት ከ25» የቀኑ ሰዓት ሆኖ ይነበባል።