ካርቶኑ 1000 ሊትር ይላል፤ ቱቦው ግን ያንጠባጥባል

ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ፦ ጠያቂያችን 200 ሊትር የሚይዝ የዓሣ ገንዳ አላቸው። ውኃ በሚቀይሩበት ቀን አዲሱን ውኃ ከባልዲ ወደ ገንዳው የሚያወጣ፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ ገንዳው ውስጥ ተቀምጦ ውኃውን በስፖንጅ ማጣሪያ የሚያሳልፍ አንድ ትንሽ ፓምፕ ገዝተዋል። ካርቶኑ ላይ «በሰዓት 1000 ሊትር» ተጽፏል። ከባልዲው ሲስብ ግን መጀመሪያ ደህና ይፈስና ባልዲው ሲጋመስ ወደ ጠብታ ይወርዳል። «ተታልዬ ነው? በሰዓት 3000 ሊትር የሚለውን ልግዛ?» ብለዋል።

አልተታለሉም። ትልቁንም ለጊዜው አይግዙ። እኔ እነዚህን ትንንሽ ፓምፖች ለብዙ ዓመታት ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ፤ ከሚቀርቡልኝ ቅሬታዎች አብዛኞቹ ከፓምፑ ሳይሆን ከከፍታውና ከቱቦው የሚመነጩ ናቸው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ፓምፑ ውኃውን ምንም ወደ ላይ ሳያነሣና ቱቦ ሳይገጠምለት የሚሰጠው ነው። ይልቅ ከጎኑ በትንሹ የተጻፈውን ከፍተኛ የማንሻ ከፍታ ይፈልጉ። 1.5 ሜትር ከተባለ ውኃው እዚያ ከፍታ ላይ ሲደርስ ይቆማል ማለት ነው፤ ፍሰቱ ዜሮ ይሆናል። በዜሮና በ1.5 ሜትር መካከል ደግሞ ፍሰቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ግማሽ ከፍታ ላይ ከተጻፈው ወደ ግማሽ ግድም ቢገኝ አይገርምም። አንዳንድ አምራቾች ይህን በመስመር ሥዕል ያሳያሉ። ሥዕሉ ካለ ከሁሉም የሚጠቅመው እርሱ ነው።

አሁን የእርስዎን ቤት እናስላ። የገንዳው ጠረጴዛ 75 ሴንቲ ሜትር፣ መስታወቱ 45 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ቱቦው ከወለል ተነሥቶ 1.20 ሜትር ላይ ከንፈሩን ይሻገራል። ባልዲው ሙሉ ሲሆን የውኃው ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚሆን ፓምፑ የሚያነሣው 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከፍታው የሚለካው ከፓምፑ ሳይሆን ከውኃው ወለል ነውና። ባልዲው በጎደለ ቁጥር ወለሉ ይወርዳል፤ ከፍታው ወደ 1.20 ሜትር ይጠጋል፤ ፓምፑም ወደ አቅሙ ዳርቻ ይደርሳል። መጀመሪያ ፈስሶ በኋላ የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው። መፍትሔው ባልዲውን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ወንበር ከፍታውን በግማሽ ያህል ይቀንስልዎታል፤ ያንኑ ፓምፕ ሌላ ፓምፕ ያስመስለዋል።

ቀጥሎ ቱቦውን ይመልከቱ። የፓምፑ አፍ 16 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ በማገናኛ አጥብበው የ8 ሚሊ ሜትር ቱቦ የሚገጥሙ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ ቀጭኑ ስለሚታጠፍና ስለማይታይ ነው የሚመርጡት። የቱቦው የውስጥ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ያንኑ ያህል ውኃ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ግፊት ከ10 እጥፍ በላይ ያድጋል። ስለዚህ የቱቦው ስፋት ከፓምፑ አፍ አይነስ፤ ርዝመቱም ከሚያስፈልገው አይብለጥ። ወለል ላይ ተጠቅልሎ የሚቀር ሁለት ሜትር ትርፍ ቱቦ ለምን እንደሚተው ገብቶኝ አያውቅም፤ በመቀስ ይቁረጡት።

ፍሰቱን በግምት ከመናገር መለካት ይሻላል። ቱቦውን በእውነተኛው ከፍታ ላይ ይዘው 10 ሊትር ምልክት ያለው ዕቃ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይቁጠሩ። 60 ሰከንድ ከፈጀ በሰዓት 600 ሊትር ነው፤ 120 ከፈጀ 300። ከገንዳዎ 30 በመቶውን ለመቀየር 60 ሊትር ይበቃል፤ በሰዓት 300 ሊትር እንኳን በ12 ደቂቃ ያደርሰዋል። ይህ በቂ አይደለም የሚል ሰው ዓሣ ከማርባት ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል።

አሮጌውን ውኃ ለማውጣት ግን ፓምፑን አያድክሙ። ቱቦውን በውኃ ሞልተው ጫፉን ወደ ታች ማውረድ ብቻ ነው፤ ውኃው በራሱ ይወርዳል። ይኸው ጠባይ ደግሞ ወለል የሚያጥለቀልቅ ነው። እነዚህ ፓምፖች ሲጠፉ መንገድ አይዘጉም፤ ውኃ በውስጣቸው ወደ ኋላ ያልፋል። የቱቦው ጫፍ ገንዳው ውስጥ ጠልቆ ሳለ መብራት ቢጠፋ ወይም ስፒናው ቢነቀል የገንዳው ውኃ ወደ ባልዲው ይመለሳል፤ ባልዲው ሞልቶም ወደ ወለሉ ያልፋል። ጫፉን ከውኃው ወለል በላይ አድርገው በመቆንጠጫ ይሰሩት። እጅ በሌለበት የተንጠለጠለ ቱቦ በግፊቱ ዘልሎ ግድግዳውን እንደሚያጥብም አይርሱ።

ገንዳው ውስጥ ሲቀመጥ ታሪኩ ይለወጣል። እዚያ የሚነሣ ከፍታ የለም ማለት ይቻላል፤ ፓምፑ ወደ ካርቶኑ ቁጥር ይቀርባል። ጨዋማ ላልሆነ ውኃ ገንዳ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ የገንዳውን ይዘት ማሳለፍ የተለመደ መነሻ ነው፤ 1000 ሊትር ለ200 ሊትር 5 ጊዜ ነውና ልክዎ ነው። 3000 ቢገዙ 15 ጊዜ ይሆንና ረጅም ክንፍ ያላቸው እንደ ቤታ ያሉ ዓሦች ቀኑን ሙሉ ከወራጅ ጋር ይታገላሉ። ፍሰቱ ከበዛብዎ የሚገታው በመውጫው በኩል ነው፤ ቫልቩን እዚያ ይግጠሙ ወይም አፉን ወደ መስታወቱ ያዙሩት። መግቢያውን በጨርቅ መድፈን ግን ፓምፑን ያስጮኸዋል፣ ያሞቀዋል። መግቢያው ላይ የሚገባው ቀዳዳው ሰፋ ያለ ስፖንጅ ነው፤ የዓሣ ጫጩቶችና ሽሪምፖች ካሉ ግዴታ ነው። መውጫው የውኃውን ወለል በመጠኑ ቢያናውጥ ደግሞ ኦክስጅን ይገባል።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር። ፓምፑ ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ውኃው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። 15 ዋት በ200 ሊትር ውስጥ አይታወቅም፤ በ20 ሊትር ትንሽ ገንዳ ውስጥ ግን ማሞቂያ እንደማስገባት ነው። በፍጆታ በኩል 15 ዋት ቀንና ሌሊት ቢሠራ በ30 ቀን 10.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። በተመሳሳይ ከፍታ ተመሳሳይ ውኃ ከሚሰጡ ሁለት ፓምፖች ዋቱ ያነሰውን መምረጥ ብልህነት ነው። ቮልቱና ሄርትዙም (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያሳየው ቁጥር) ከቤትዎ መስመር ጋር ይግጠም፤ የእነዚህ ሞተሮች ፍጥነት የሚወሰነው በሄርትዙ ነው። በ60 ሄርትዝ በደቂቃ 3600 ጊዜ የሚዞረው በ50 ሄርትዝ 3000 ብቻ ይዞራል፤ የማንሻ ከፍታውም አብሮ ይወርዳል።

ውስጡን የማያውቅ ሰው ቶሎ ይጥለዋል። የሚንቀሳቀሰው ክፍል አንድ ብቻ ነው፦ ኢምፔለር የተባለው ክንፋም መዘውር፣ ከማግኔት ጋር ተያይዞ በቀጭን ዘንግ ላይ የሚዞር። ዘንጉ ብዙውን ጊዜ ሴራሚክ ስለሆነ ከወደቀ ይሰበራል። መጠምጠሚያው ሽቦ በሙጫ ታሽጎ ከውኃው ተለይቷል። ኢምፔለሩ በማግኔቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ትንሽ ቢላወስ ብልሽት አይደለም፤ ለመነሣት እንዲመቸው ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ዘንጉን የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም ውኃ ስለሆነ በደረቁ አያሠሩት፤ ባልዲው ሊያልቅ ሲል አጠገቡ ይቁሙ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ድምፅ እያሰማ የማይዞር ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ላይ የኖራ ቅርፊት ይዟል። ስፒናውን ነቅለው ይፍቱት፤ ኮምጣጤና ውኃ እኩል ቀላቅለው ለጥቂት ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ የማግኔቱን ጉድጓድ በጠባብ ብሩሽ ይፈትጉትና ያለቅልቁት። ሳሙና አይንካው። ሲንገጫገጭ ከሰሙ ደግሞ አየር ታፍኖበት ይሆናል፤ ውኃው ውስጥ እንዳለ ዘንበል ዘንበል አድርገው አረፋውን ያስወጡት።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ድርድር የለም። እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት ስፒናውን ይንቀሉ። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንደገና ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ እዚያው ዝቅታው ላይ ይወድቃል። መስመሩ ኤሌክትሪክ ሾልኮ ሲወጣ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ መከላከያ ቢኖረው ጥሩ ነው። ገመዱ የተሰነጠቀ ወይም ሙጫው ያበጠ ፓምፕ አይጠገንም፤ ይጣላል።

ወንበሩን አምጥተው፣ ቱቦውን አስፍተው፣ ኢምፔለሩን አጽድተውም ደካማ ከሆነብዎ፣ ያን ጊዜ ከፍተኛ የማንሻ ከፍታው 2.5 ሜትር ገደማ የሆነ ሌላ ፓምፕ ለባልዲው ብቻ ይግዙ፤ ያለዎት ገንዳው ውስጥ ይቆይ። ከመግዛትዎ በፊት ግን ከባልዲው የውኃ ወለል እስከ ቱቦው ጫፍ ያለውን ከፍታ፣ የቱቦውን የውስጥ ስፋትና 10 ሊትር የሚሞላበትን ሰከንድ እዚሁ ይጻፉልኝ።