ቤት መሸጥ፣ ፍቺ፣ ውርስና ልጅ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ቤት በመገመትና በማሻሻጥ ሥራ ላይ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። የራሴንም ቤት በፍቺ ምክንያት ሸጫለሁ፤ ያውም ገበያው በሞተበት ሰዓት። ስለዚህ የምመልሰው እንደ ባለሙያም፣ እጇ እንደተቃጠለ ሰውም ነው። የሕጉ ጉዳይ ከአገር አገር ይለያያል፤ እሱን ለጠበቃችሁ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ልንለያይ ነው። ቤቱ በሁለታችን ስም ነው፣ የባንክ እዳም አለበት። እሱ “ዋጋው እስኪመለስ እንጠብቅ” ይላል። እኔ ግን ታክቶኛል። ምን ይሻላል?

እህቴ፣ መጀመሪያ “እስኪመለስ ማለት እስከ መቼ ነው?” ብለሽ ጠይቂው። አሜሪካ ውስጥ የቤት ዋጋ ጣሪያ የነካው በ2006 እ.ኤ.አ. ነበር። እስከ 2012 መጀመሪያ ድረስ በአማካይ ከሩብ በላይ ወረደ። ወደ ድሮው ቁጥር የተመለሰው በ2016 ነው። አስር ዓመት! ያውም የዋጋ ንረቱ ሳይታሰብ። በእርግጥ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያገገመ ገበያም አለ። ያንቺ የትኛው እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም። አውቃለሁ የሚልሽ ደላላ ካለ ኮሚሽኑን እያሰበ ነው።

እኔ 14 ወር ጠብቄያለሁ። የመጀመሪያው ገዢ ዋጋ ሲጠራልኝ “ይሄማ ስድብ ነው” ብዬ ሸኘሁት። ከዚያ ወለዱ ቆጠረ፣ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ፣ በጣሪያው ወጪ ከቀድሞ ባለቤቴ ጋር እንደ አዲስ ተጣላን። በመጨረሻ የሸጥነው ያ ሰውዬ ከጠራው ባነሰ ዋጋ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያበሽቀኛል።

ያላችሁ መንገድ ሦስት ነው። ሸጦ መካፈል፣ አንዳችሁ የሌላውን ድርሻ ከፍሎ ማስቀረት፣ ወይም ለጊዜው በጋራ ይዞ መቆየት። ሦስተኛውን ከመረጣችሁ በቃል አይሁን። የወር ክፍያውን ማን ይከፍላል፣ ሲበላሽ ማን ያስጠግናል፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት በታች ቢሆን እንኳ ይሸጣል? ይጻፍና ተፈራረሙ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልንገርሽ። ፍቺያችሁ ባንኩን አይመለከተውም። “ቤቱ ለእሱ፣ እዳውም በእሱ” ተብሎ ቢወሰን እንኳ በብድር ውሉ ላይ ፊርማሽ እስካለ ድረስ ተጠያቂ ነሽ። እሱ መክፈል ሲያቆም ደብዳቤው ላንቺም ይመጣል። ስምሽ ከብድሩ መውጣቱን ባንኩ ራሱ በጽሑፍ ሳያረጋግጥልሽ ቁልፍ እንዳታስረክቢ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ልጃችን ሊወለድ ነው፤ ቤቱ ጠቦናል። ግን ዋጋ በወረደበት ሰዓት መሸጥ ኪሳራ አይሆንብንም?

ሁሉም ሰው የሚሸጥበትን ዋጋ ብቻ ያያል። አንተ ግን የምታየው ልዩነቱን ነው። ቤትህ 100 ያወጣ ነበር እንበል፤ የምትፈልገው ሰፊ ቤት ደግሞ 150። የምትጨምረው 50 ነበር። ሁለቱም በ20 በመቶ ወረዱ። ያንተው 80፣ ያኛው 120 ሆነ። አሁን የምትጨምረው 40 ነው። “ከሰርኩ” ያልክበት ገበያ 10 አተረፈህ ማለት ነው።

ወደ ትንሽ ቤት የሚወርድ ሰው ግን ተቃራኒው ይደርስበታል። ከ100 ወደ 60 ሲሄድ 40 ይተርፈው ነበር። ሁለቱ በ20 በመቶ ሲወርዱ የሚተርፈው 32 ብቻ ነው። ስለዚህ ለሚሰፋ ቤተሰብ ቀዝቃዛ ገበያ ጠላት አይደለም። የአንተ ፈተና ወለዱ ነው። የድሮው ብድርህ በርካሽ ወለድ የተወሰደ ከሆነና አዲሱ ውድ ከሆነ፣ ያተረፍከውን 10 ወለዱ መልሶ ሊውጠው ይችላል። ሁለቱን የወር ክፍያዎች ጎን ለጎን ጽፋችሁ፣ የልጁን ወጪ ጨምራችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ ስንት ብዬ ልጥራ? ጎረቤቴ ከሁለት ዓመት በፊት በጥሩ ዋጋ ሸጧል።

የጎረቤትህን ዋጋ እርሳው፤ ሁለት ዓመት አልፎታል። የምትፈልገው ባለፉት ሦስት አራት ወራት ያለቁ ሽያጮችን ነው። ማስታወቂያ ላይ የተጻፈ ዋጋ ምኞት ነው፤ ውል ላይ የተጻፈው ነው ዋጋ።

ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚቀንሰው የሽያጩ ብዛት ነው፤ ዋጋው የሚከተለው ዘግይቶ ነው። ሻጮች እጃቸውን ይሰበስባሉ። አሜሪካ ውስጥ የቤት ብድር ወለድ በ2021 3 በመቶ ገደማ ነበር፤ በጥቅምት 2023 ወደ 8 በመቶ ተጠጋ። ርካሽ ብድር የያዘው ሁሉ ንቅንቅ አልልም አለ። ስለዚህ “ዋጋ አልወረደም” ሲሉህ “ማን ሸጠና” ብለህ ጠይቅ።

ሌላው ችግር የገዛንበት ዋጋ ጭንቅላታችን ውስጥ መቀመጡ ነው። በ1990ዎቹ የቦስተን ኮንዶሚኒየም ሽያጮችን ያየ፣ በ2001 የታተመ ጥናት አለ። ከገዙበት በታች ሊሸጡ የተቃረቡ ባለቤቶች ከሌላው የበለጠ ዋጋ ይጠሩ ነበር። ጥቂት ጨምረው ያገኙም ነበሩ፤ ግን ቤታቸው ገበያ ላይ ብዙ ቆየ። ጊዜ ያለው ሰው ይህን ሊያደርግ ይችላል። ፍቺ ላይ ያለ ወይም ሥራ ያጣ ሰው ግን ጊዜውን ከየት ያመጣል?

ብዙ ሰው አይቶ ማንም ዋጋ ካልሰጠ ትንሽ ተወዷል። የሚያይም ካልመጣ በጣም ተወዷል፣ ወይም ፎቶዎቹ አይረቡም። መቀነስ ካለብህ አንዴ በደንብ ቀንስ። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ስትቀንስ ገዢው “ይሄ ሰው ገና ይወርዳል” ብሎ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

ጥያቄ፦ ከመሸጤ በፊት ኩሽናውን ልቀይር?

አይ። አጽጂ፣ አምፖል ቀይሪ፣ ቀለም የሚያስፈልገውን ቀቢ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ግን ዛሬውኑ አስጠግኚ። ገዢ ጠብታ ሲሰማ የሚያስበው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ነው።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ሊቀንስ ነው እየተባለ ነው። ሳልባረር ቀድሜ ልሽጥ?

በወሬ ቤት አይሸጥም። በወረቀት ላይ ቁጠር። ደመወዝህ ቢቋረጥ ያለህ ገንዘብ ስንት ወር ያቆይሃል? ከስድስት ወር በላይ ከሆነ ተረጋጋ። ከሦስት በታች ከሆነና ሌላ ገቢ ከሌለ፣ ቢያንስ ቤቱን አስገምተህ ወረቀቶቹን አስተካክል።

ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ቤትህን ሸጠህ የት ትገባለህ? ልከራይ ብትል አከራዩ የደመወዝ ማስረጃ አምጣ ሊልህ ይችላል። ሥራ ካጣህ በኋላ ይሄ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ክፍያ ከመዝለልህ በፊት ደግሞ ባንኩን አነጋግር። የብድሩን ዘመን ማርዘም ወይም ለጊዜው ወለዱን ብቻ መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። ከዘለልክ በኋላ የሚያናግሩህ ድምፅ ይለወጣል። ባንክ በሐራጅ የሚሸጠው ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ተደራድሮ ከሚሸጠው ያነሰ ነው የሚያወጣው።

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፉ ዓመት ሆነ። አራት ልጆች ነን። ታናሽ ወንድማችን ቤቱ ውስጥ ይኖራል፤ አልሸጥም ይላል። ሁለታችን ደግሞ ገንዘቡ ቸግሮናል።

ይሄ በጣም ይገባኛል። እናንተ ስለ ገንዘብ እያወራችሁ ነው፣ እሱ ግን ስለ አባቱ ነው የሚሰማው። ብዙ ጊዜ ደግሞ አባትን ያስታመመው፣ ሌሊት የተነሳው እሱ ነው። መጀመሪያ ይህ ይነገር፤ አብሮም ይቆጠር። ያስታመመበትን ከድርሻው በላይ የሚታሰብለት ነገር አድርጋችሁ ብታስቡት ከፍርድ ቤት ወጪ ይረክሳል።

ከዚያ ሁላችሁም የምትቀበሉት፣ የማናችሁም ዘመድ ያልሆነ ገማች አምጡ። ግምቱ ከወጣ በኋላ ወንድማችሁ የእናንተን ሦስት ድርሻ መክፈል ይችል እንደሆነ ጊዜ ስጡት፤ ስድስት ወር በቂ ነው። ካልቻለ ይሸጣል። ቀኑ ዛሬ ይጻፍ። ገበያው እየተለዋወጠ ከሆነ ደግሞ ግምቱ ስንት ወር እንደሚያገለግል አብራችሁ ወስኑ። ያለዚያ ሲወርድ እሱ፣ ሲወጣ እናንተ ታኮርፋላችሁ።

ጥያቄ፦ ሽያጩ አለቀ። አዲስ ቤት እስክንገዛ ገንዘቡን ምን እናድርገው?

በስድስት ወር ውስጥ የምትፈልጉት ከሆነ ወለድ የሚያስገኝ ባንክ ውስጥ ይቀመጥ። የዋጋ ንረት ይበላዋል፤ እውነት ነው። ግን የቤት መግዣ ብር አጎት ያመጣው “ቢዝነስ” ውስጥ ገብቶ የቀረ ስንት አይቻለሁ። ግብር ካለበት ግብሩን ከመጀመሪያው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ እሱ የእናንተ ገንዘብ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጆቹ “ቤታችንን አትሽጡ” እያሉ ያለቅሳሉ።

የእኔ ልጅ ያኔ 8 ዓመቷ ነበር። የበሩ መቃን ላይ ቁመቷን በእርሳስ እናሰምር ነበር፤ ከነቀኑ። ቀለም ቀቢው ሊያጠፋው ሲል ጮኸች። መቃኑ ላይ ወረቀት ለጥፈን መስመሮቹን አንድ በአንድ ቀዳን። አዲሱ ቤት የገባን ቀን ከሳህን በፊት የወጣው ያ ወረቀት ነበር። መቼ እንደምትወጡ፣ የት እንደምትገቡ፣ ትምህርት ቤት ይቀየር አይቀየር ቁርጡን ንገሯቸው። ገና ያልወሰናችሁትን ደግሞ “አልወሰንንም” በሏቸው።

ጥያቄ፦ 71 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ አርፏል። ልጄ “ቤቱን ሽጪና ከእኛ ጋር ግቢ፣ በገንዘቡ ለአንቺ ክፍል እንጨምራለን” ይለኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?

እናቴ፣ ልጅዎ በደግ ልብ እንዳሰበው አልጠራጠርም። ግን የእርስዎ ገንዘብ በእሱ ስም ባለ ቤት ላይ ከተገነባ፣ ነገ እሱና ሚስቱ ቢለያዩ ወይም ባንኩ ቢመጣበት የእርስዎ ክፍል አብሮ ይሄዳል። ምን ያህል እንዳዋጡና ቢሸጥ ምን እንደሚመለስልዎ ከሥራው በፊት በውል ይጻፍ። ከተቀየመ በእኔ ያሳብቡ፤ “ገማቿ ናት ያለችኝ” ይበሉት።

ከዚያም በፊት ቤትዎን ቆልፈው ሦስት ወር እነሱ ጋር ይቀመጡ። ማታ ቴሌቪዥኑ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ ወጥ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ጎረቤትዎ ይናፍቁዎት እንደሆነ ያዩታል። ከዚያ በኋላም እሸጣለሁ ካሉ ይጻፉልኝ፤ ያኔ ስለ ዋጋው እናወራለን።