ክሬዲት ለሌላት እህት፦ ካርዱ ይቅደም፣ መኪናው ይቆይ

እህቴ፣ በዲቪ አሜሪካ ከገባሽ ሦስት ወርሽ እንደሆነ ጽፈሻል። ጥያቄሽ ሦስት ነው፤ የትኛውን ክሬዲት ካርድ ላውጣ፣ «ስኮርሽ (የክሬዲት ነጥብሽ) እንዲያድግ ትንሽ ዕዳ ተይበት» የሚሉኝ እውነት ነው ወይ፣ ያለ ክሬዲት መኪና እሰጥሻለሁ ያለኝን ሻጭ ልቀበል ወይ።

መጀመሪያ የምታወጪው ሴኪዩርድ ካርድ፣ ማለትም ገንዘብ አስይዘሽ የምታወጪው ክሬዲት ካርድ ነው። ብዙ ጊዜ 200 ዶላር ታስይዣለሽ፣ ሊሚትሽም፣ ማለትም መጠቀም የምትችዪው ከፍተኛ መጠን፣ ያው 200 ይሆናል። ያስያዝሽው ዋስትና ነው፤ የተጠቀምሽበትን በየወሩ ለብቻው ትከፍያለሽ። ከማመልከትሽ በፊት ዓመታዊ ክፍያ እንዳለውና የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ለሦስቱም ድርጅቶች፣ ማለትም ለኤክስፒሪያን፣ ለኢኩዊፋክስና ለትራንስዩኒየን፣ ሪፖርት ያደርግ እንደሆነ ጠይቂ። ሪፖርት የማይደረግ ካርድ ስኮርሽን አይገነባም። በአካባቢሽ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) ካለ እኔ ከዚያ ብትጀምሪ እመርጣለሁ። ብዙ ካርድ በአንዴ አትሞክሪ፤ እያንዳንዱ ማመልከቻ የክሬዲት ሪፖርትሽ (የብድር ታሪክሽ መዝገብ) ላይ ሁለት ዓመት ይቆያል።

ስምሽ ላይ በጣም ተጠንቀቂ፣ የእኛ ሰው ብዙ የሚቸገረው እዚህ ነው። ሶሻል ካርድሽ ላይ እንዳለ አንድ ፊደል ሳትቀይሪ ጻፊ። እንደ «ገብረ መድኅን» ያለ ስም አንድ ቦታ ተያይዞ ሌላ ቦታ ተለያይቶ ከተጻፈ፣ ወይም መጨረሻ ላይ አንዴ የአባት አንዴ የአያት ስም ከገባ፣ ታሪክሽ በሁለት ፋይል ሊከፈል ይችላል። ዘመድ ቤት የምትኖሪ ከሆነም የአፓርታማውን ቁጥር አትርሺ፤ ካርዱ በፖስታ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ «ዕዳ ተይበት» ልምጣ። ስህተት ነው፣ ግን ብዙ ሰው ስለሚመክረው በደንብ ላስረዳሽ። ካርዱ ሁለት ቀን አለው፤ ስቴትመንቱ (የወሩ ሂሳብ መግለጫ) የሚዘጋበት ቀንና የመክፈያው መጨረሻ፣ ማለትም ዲው ዴት። በመካከላቸው ቢያንስ 21 ቀን አለ። ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርት የሚያደርገው ስቴትመንቱ ሲዘጋ ያለብሽን ቀሪ ነው። ከ200ው 150 ተጠቅመሽ ቢዘጋ፣ በኋላ ሁሉንም በወቅቱ ብትከፍይም እንኳ 75 በመቶውን የጨረስሽ ሆኖ ይታያል፣ ስኮርሽም ይወርዳል። ስለዚህ ሊዘጋ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው 135ቱን ክፈይ። 15 ዶላር ብቻ ይታይ፣ እሱንም ከዲው ዴቱ በፊት ጨርሺ። ሰዎች የሚያምታቱት ይህንን ይመስለኛል፦ ስቴትመንቱ ላይ ትንሽ ቀሪ መታየቱ ደህና ነው፣ ከዲው ዴት ማሳለፉ ግን ወለድ እንጂ ስኮር አይጨምርልሽም። አንዴ ካሳለፍሽ ደግሞ አዲስ የምትገዢው ሁሉ ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል።

አውቶፔይ (በየወሩ በራሱ የሚከፍለውን) ስትሞዪ «ስቴትመንት ባላንስ»፣ ማለትም ስቴትመንቱ ላይ ያለውን ሙሉ ዕዳ የሚለውን ምረጪ፣ «ሚኒመም» (ትንሹን ክፍያ ብቻ) የሚለውን ተዪው። ክፍያ 30 ቀን ካለፈው ሪፖርት ይደረጋል፣ ሰባት ዓመትም ሪፖርትሽ ላይ ይቆያል። አበዳሪዎች በብዛት ከሚያዩት ከፋይኮ ስኮር 35 በመቶው በወቅቱ መክፈል ነው፣ ሌላው 30 በመቶ ያለብሽ ዕዳ መጠን። ስኮሩ የሚወጣልሽ አካውንቱ ስድስት ወር ሲሞላው ስለሆነ በሁለተኛው ወር ምንም ካላየሽ አትደንግጪ። ሪፖርቱን ግን አንዩዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነፃ ማየት ትችያለሽ፤ ስምሽና አድራሻሽ ልክ መሆኑን ቶሎ አረጋግጪ።

የመኪናውን ነገር አሁን አትፈርሚ። 15,000 ዶላር በ18 በመቶ ለአምስት ዓመት ብትወስጂ በወር 381 ገደማ ትከፍያለሽ። ስኮርሽ አድጎ በ8 በመቶ ብታገኚው 304 ነው። ልዩነቱ በአምስት ዓመት ወደ 4,600 ዶላር ይደርሳል። ሻጮች ብዙ ጊዜ የወሩን ክፍያ ብቻ ነው የሚነግሩሽ፤ አንቺ ወለዱን በመቶኛና አጠቃላይ ድምሩን ጠይቂ። ለሥራ መኪና የግድ ከሆነብሽ፣ እቁብ ካለሽ ዕጣሽ ሲወጣ ርካሽ መኪና በካሽ መግዛቱ ይሻላል። መካኒክ ሳያየው ግን አትክፈዪ።

እቁብን ካነሳሁ፣ እቁብ የቱንም ያህል በትክክል ብትጥዪ ሪፖርት ስለማይደረግ ለስኮር አይቆጠርም። የእቁብ ቀን ደርሶ ገንዘብ ሲያጥርሽ ከክሬዲት ካርዱ ካሽ አታውጪ፤ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። አገር ቤት በአፕ ስትልኪም በዴቢት አድርጊው። በክሬዲት ካርድ ከላክሽ ባንኩ ብዙ ጊዜ እንደ ካሽ ማውጣት ይቆጥረዋል።

ወንድምሽ የቆየና ዕዳው ትንሽ የሆነ ካርድ ካለው ኦቶራይዝድ ዩዘር (በእሱ ካርድ ላይ ስሟ የተጨመረ ተጠቃሚ) አድርጎ ያስገባሽ፤ ካርዱን በእጅሽ መያዝ እንኳ አያስፈልግሽም። እሱ ክፍያ ካሳለፈ ግን አንቺም ላይ ስለሚታይ ቶሎ አስወጣኝ በዪው። ሴኪዩርዱን በሥርዓት ከያዝሽው ብዙ ባንኮች ከጊዜ በኋላ 200ውን መልሰው ወደ መደበኛ ካርድ ይቀይሩታል። ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው ያኔም አትዝጊው፣ ትንሽ ነገር እየገዛሽበት ይቀጥል፤ የአካውንቱ ዕድሜ ይቆጠርልሻል።