ዜሮዋን አትርሷት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከሒሳብ ሰንጠረዥ ጋር ነው የኖርኩት። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የኤክሴል ፎርሙላ ነው። ማች (MATCH) ትባላለች። ትንሽ ናት ብላችሁ አትለፏት። እኔ ሳላውቃት ስለተጠቀምኩባት የሰው ደመወዝ አዛብቻለሁ።

ማች ሥራዋ አንድ ነው። የምትፈልጉትን ስም ትሰጧታላችሁ፣ ዝርዝሩን ታሳዩአታላችሁ፣ ስንተኛ ላይ እንዳለ ትነግራችኋለች። ደመወዙን ሳይሆን ቦታውን። «ሰባት» ብላ ዝም ትላለች። ጀማሪ ሆኜ ይህ ሰባት ምን እንደሚፈይድልኝ አልገባኝም ነበር። ጥቅሙ የሚታየው ኢንዴክስ (INDEX) የምትባለው ሌላ ፎርሙላ ስትጨመር ነው። ኢንዴክስ ሰባትን ተቀብላ ከደመወዙ ዓምድ ላይ ሰባተኛውን ታወጣለች። አንዷ ቦታውን ታገኛለች፣ ሌላዋ ሄዳ ታመጣለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የሠራተኞች ዝርዝር ነበረኝ፤ የተደረደረው በፊደል ተራ ሳይሆን በቅጥር ቀን ነው። ማች ውስጥ ስሙንና ዝርዝሩን አስገባሁና ሦስተኛውን ቦታ፣ እንዴት እንደምትፈልግ የሚነገርበትን፣ ባዶ ተውኩት። ፎርሙላው ሠራ። ቁጥሮቹ ሁሉ ደመወዝ ይመስላሉ። ግን ለአንዳንዱ ሠራተኛ የመጣው የሌላ ሰው ደመወዝ ነበር። ያወቅነው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ፣ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ሲነግረን ነው። ያን ቀን ዛሬም አልረሳውም።

ምክንያቱ ይኸው። ሦስተኛው ቦታ ባዶ ከሆነ ኤክሴል 1 እንደተጻፈ ይቆጥረዋል። 1 ማለት «ዝርዝሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድሯል፤ ልኩን ካጣሽ ከእሱ የማይበልጠውን ትልቁን ስጪኝ» ማለት ነው። ያኔ ማች ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ አትሄድም። መዝገበ ቃላት ላይ ቃል እንደሚፈልግ ሰው መሀሉን ትገልጣለች፤ «ከዚህ በታች ነው» ካለች ላይኛውን ግማሽ ትጥለዋለች። በዚህ መንገድ ከአንድ ሚሊዮን ረድፍ ውስጥ ለማግኘት 20 ጊዜ ያህል ማነጻጸር ይበቃታል። ፈጣን ናት። ዝርዝሩ ካልተደረደረ ግን የምትፈልጉት ሰው ያለበትን ግማሽ ልትጥለው ትችላለች። ስለዚህ ልኩን ስትፈልጉ መጨረሻ ላይ 0 ጻፉ። ሁልጊዜ።

1 የሚጠቅምበትም ቦታ አለ፣ ለምሳሌ የፈተና ውጤትን በደረጃ ስትከፍሉ። ድንበሮቹ 0፣ 50፣ 60፣ 70፣ 80 ከሆኑና 73 ያመጣ ተማሪ ካለ፣ ማች 4 ትላለች። አራተኛው ድንበር 70 ነውና ትክክል ናት። አስባችሁበት ስትጽፉት ጥሩ ነገር ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አቆጣጠሩ ነው። ማች የምትቆጥረው ከሰጣችኋት ዝርዝር መጀመሪያ እንጂ ከሺቱ አናት አይደለም። ዝርዝሩ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከጀመረ፣ እዚያ ያለው ስም ለእሷ 1 ነው። የኢንዴክሱ ዓምድ ደግሞ ከመጀመሪያው ረድፍ ከጀመረ ሁሉም ሰው ከእሱ በላይ ያለውን ሰው ደመወዝ ይወስዳል። ሁለቱን ከአንድ ረድፍ አስጀምሯቸው፣ በአንድ ረድፍም ጨርሷቸው።

«ፈልጋ በአንዴ የምታመጣዋ ቪሉክአፕ (VLOOKUP) እያለች ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል?» ትሉኝ ይሆናል። ቪሉክአፕ ጥሩ ናት፣ ግን ወደ ቀኝ ብቻ ነው የምታየው። ዓምዱንም በቁጥር ነው የምትነግሯት። «አራተኛውን አምጪ» ብላችኋት ሌላ ሰው መሀል ላይ አንድ ዓምድ ቢጨምር፣ እሷ አሁንም አራተኛውን ታመጣለች። ያ ግን የድሮው አራተኛ አይደለም። በማች የዓምዱን ርዕስ ራሱን ካስፈለጋችሁ ዓምዱ ቢንቀሳቀስም ተከትላው ትሄዳለች።

አንዳንዴ ስሙን በዓይናችሁ እያያችሁት ማች የለም ብላ ኤንኤ (#N/A) የሚል የስህተት ምልክት ታወጣለች። አትናደዱባት። ብዙ ጊዜ ከስሙ ኋላ ባዶ ቦታ ተደብቆ ነው፤ ትሪም (TRIM) የምትባለው ፎርሙላ ታጸዳዋለች። ከድረ ገጽ የተቀዳ ጽሑፍ ግን ትሪም የማታነሳው ሌላ ዓይነት ባዶ ቦታ ይዞ ይመጣል። ሌን (LEN) በምትባለው ፎርሙላ ፊደሎቹን ብታስቆጥሩ ይጋለጣል። መለያ ቁጥር ከሆነ ደግሞ አንዱ ጋ ቁጥር፣ ሌላው ጋ ጽሑፍ ሆኖ ተቀምጦ ይሆናል። ለእኛ አንድ ይመስላሉ፣ ለኤክሴል አይደሉም። ምክንያቱን ሳታውቁ ስህተትን በሌላ ነገር በምትተካው ኢፍኤረር (IFERROR) አትሸፍኑት። ያ ኤንኤ በእኔ ሺት ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ደመወዙ ሳይከፈል አየው ነበር።

አዲሶቹ የኤክሴል ዕትሞች ላይ ኤክስማች (XMATCH) አለች። እሷ ምንም ካልተነገራት ልኩን ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ከታች ወደ ላይም መፈለግ ትችላለች። ካለቻችሁ ተጠቀሙባት። ግን ከሌላ ሰው የሚደርሳችሁ ፋይል በአሮጌዋ ማች የተሞላ ነው። ፋይሉን ስትረከቡ፣ አንድም ቁጥር ሳትልኩ በፊት፣ ፎርሙላዎቹን ክፈቱና ሦስተኛው ቦታ ላይ ምን እንዳለ እዩ።