መርዶውን እንደብቀው ወይ? እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

ውጭ አገር ስለሚማሩ ልጆች ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎች የመጡ ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። አስቸኳዩ ይቅደም።

የሸዋ ሮቢቷ ልጅ አሜሪካ ነው የምትማረው። አብሯት የሚማር ያገራችን ልጅ "ምነው በሞትኩና በተገላገልኩ" ማለት ጀምሯል። ላፕቶፑን ሳይቀር ለሰው ሰጥቷል። ቪዛዬ ይሰረዛል ብሎ ስለሚፈራ ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል።

እህቴ፣ መሐላውን አፍርሺው። ዛሬውኑ። "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?" ብለሽ በግልጽ ጠይቂው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን አትተዪው። አሜሪካ ውስጥ ራስን ማጥፋት ለሚያስብ ሰው የሚደርሰው የስልክ መስመር 988 ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ መደወልም ቴክስት ማድረግም ይቻላል። ከባሰ ለድንገተኛ አደጋ ወደ 911 ደውዪ። ለቪዛውም መንገድ አለው። የሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ደብዳቤ ይዞ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን አስቀድሞ ካስፈቀደ፣ በአንድ የትምህርት ደረጃ በድምሩ እስከ 12 ወር ትምህርቱን ቀንሶ፣ ካስፈለገም አቁሞ፣ በሕጋዊነት መቆየት ይችላል። ጸሎቱም ጸበሉም ይኑር። ሐኪም ግን ይየው፤ በዚህ አልደራደርም።

የደብረ ብርሃን እናት ደግሞ ልጃቸው ለአሜሪካ የተሰጣት ቪዛ የሦስት ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕገ ወጥ ትሆናለች ብለው እንቅልፍ አጥተዋል። አትሆንም እናቴ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የሚሰጠው ቪዛ በአብዛኛው ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ከገባች በኋላ የሚያቆያት ትምህርቷና አይ-20 የሚባለው የትምህርት ቤቷ ወረቀት ነው። ከወጣች ግን ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልጋታል። ስለዚህ "ለፋሲካ ብቅ በዪ" ከማለትዎ በፊት የዩኒቨርሲቲዋን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ትጠይቅ። ሕጉ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ቲክቶክን አትጠይቁ።

ከአረርቲ፦ ጀርመን ለሚሄድ ልጅ በሶ መቋጠር ይቻላል? ይቻላል። ቋንጣና ቅቤ ግን ክልክል ነው።

የመሐል ሜዳው ልጅ ፊንላንድ ነው። "ባና ለብሼ ያደግኩ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ብርድ አልፈራም ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን ከአልጋ መነሣት አቃተኝ፤ ሰነፍኩ" ይላል። ስንፍና አይመስለኝም ወንድሜ። ብርዱን ትተህ ብርሃኑን ተመልከት። እኛ ጋ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጡም። ሄልሲንኪ ግን በታኅሣሥ ቀኑ ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰው በዚህ ይጎዳል። ደመናም ቢሆን ቀትር ላይ ወጥተህ ተራመድ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ተነሣ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብህ የተማሪዎች ጤና አገልግሎት ሂድ፤ በብርሃን ስለሚሰጠው ሕክምናም ጠይቅ።

አሁን ወደ ደብረ ሲናዋ አክስት። የወንድሟ ልጅ ሕንድ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። አባቱ ካረፉ ወር ሆናቸው። ሽማግሌዎቹ "ፈተናው እስኪያልፍ አይነገረው" ብለው ወሰኑ። በደወለ ቁጥር "አባባ እርሻ ሄደዋል" ይባላል። ሰሞኑን "ማታም እርሻ ነው ወይ?" ማለት ጀምሯል።

ንገሩት። ፈተናው ይበላሽበታል የሚለው ስጋት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ይገባኛል። ግን ልጁ ከጠረጠረ ሰንብቷል፤ የጠረጠረ ልጅ ደግሞ ጥናት አይገባውም። አንድ ቀን የሰፈር ልጅ ፌስቡክ ላይ ፎቷቸውን ለጥፎ "ነፍስ ይማር" ይላል። ያን ጊዜ ሐዘኑ ሁለት ነው፤ አንዱ አባቱን ማጣቱ፣ ሌላው የእናንተ መዋሸት። ከዚያ ወዲያ "ሁላችንም ደህና ነን" ብትሉት አያምናችሁም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ውጭ ያለ ልጅ ያልተነሣ ስልክን ሁሉ ለሞት ሲሰጠው ከረመ። ዛሬም መንገድ ተዘጋ፣ ተኩስ ተሰማ በተባለ ቁጥር የሚያረጋጋው የቤተሰቡ ቃል ነው። ያንን ቃል አታሳጡት። ልጆቹም እኮ ታመው "ደህና ነኝ"፣ ጦም አድረው "በልቻለሁ" ይሉናል። ከእኛ ነው የለመዱት።

መርዶው ግን በወጉ ይነገር። በቴክስት አይሆንም፤ ማታም አይሆንም። እዚያው ከተማ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ፈልጉ። ሁለት ሦስት ሆነው በጠዋት ቤቱ ይሂዱ፣ አብረውት ያልቅሱ፣ ጥቂት ቀን አብረውት ይደሩ። እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ እናቱ ነቅተው ስልኩን ይጠብቁ። ፈተናው እንዲራዘምለት ዲፓርትመንቱን ይጠይቅ። ማስረጃ ማለታቸው ስለማይቀር የሞት ምስክር ወረቀቱን ከቀበሌ አውጥታችሁ ፎቶውን ላኩለት። የዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ካለም ይሂድ።

አርባቸው ቢቀረው አሥር ቀን ነው። ከዚያ በፊት ይወቅ፤ ለተዝካሩ እሱም እንደ ልጅ የድርሻውን ያዋጣ።