መልስ፦ የጉድጓዱ ውሃ ቀነሰ፣ ፓምፑን ላውርደው?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን በኩል ያለው ጉድጓድህ ስለቀነሰ ፓምፑን 12 ሜትር ላውርደው ወይ ብለሃል። ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የደከመው ጉድጓዱ ነው ወይስ የከርሰ ምድር ውሃው የሚለውን ለይ።

ማታ አጥፍተህ ቢያንስ 12 ሰዓት አሳርፈው። ጎረቤትም አብሮ ያጥፋ፤ አለዚያ የሱ ፓምፕ ያንተንም ውሃ ያወርደዋል። ጠዋት ሳታስነሳ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያለውን ጥልቀት በዲፕ ሜትር (ውሃ ሲነካ ድምፅ በሚሰጥ የመለኪያ ገመድ) ለካ። ከዚያ አስነሳና መውረዱ እስኪያቆም በየ10 ደቂቃው ለካ። ፍሰቱን በበርሜል እወቀው፦ 200 ሊትሩ በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 5 ሊትር ነው። ውሃው 10 ሜትር ከወረደ፣ በወረደው በአንድ ሜትር በሰከንድ 0.5 ሊትር ማለት ነው። ይህን ጉድጓዱ ሲቆፈር በተቀራራቢ ፍሰት ከተሠራው የፓምፒንግ ቴስት (ውሃ እየተሳበ የሚደረግ የጉድጓድ ፍተሻ) ውጤት ጋር አስተያየው።

የጠዋቱ ልክ ሳይለወጥ ይህ ቁጥር ብቻ ካነሰ፣ ስክሪኑ (ውሃ ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ቧንቧ) መደፈኑን ጠርጥር። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እዚያም ይጋገራል። በባለሙያ በአሲድና በኮምፕረሰር ይታጠባል፤ ፓምፕ ማውረድ መደፈኑን አይፈታውም።

የጠዋቱ ልክ ራሱ ከዓመት ዓመት ከወረደ ግን ነገሩ የሰፈሩ ሁሉ ነው። አንተ ስታወርድ ጎረቤትህም ያወርዳል፣ የመብራት ሂሳቡ ብቻ ይጨምራል። ውሃው ያለ ልክ እየተሳበ ደርቆ የነበረውን ሐሮማያ ሐይቅን ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። የፓምፕ ሰዓት በፈረቃ አድርጉት፣ አትክልቱን ወደ ጠብታ መስኖ ቀይሩ፤ ልኬቱንም በየዓመቱ በዚያው ወር ውሰዱ፣ የሰኔን ከመስከረም ጋር ማወዳደር ያሳስታል።